ላስ ጌል ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ውሃውን ጠጡት እንጂ ሥዕሉ ላይ አታፍስሱት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሐርጌሳ አጠገብ ያለውን የላስ ጌል የዋሻ ሥዕል ለማየት ብር እያጠራቀምን ነው። እናቴ ግን «የፋሲል ግንብ ደጅሽ ላይ ቆሞ የላም ሥዕል ፍለጋ በረሃ ትወርጃለሽ?» ትለኛለች። ደግሞ አንድ የምናውቀው ሰው ሥዕሉ ከደበዘዘ ውሃ ረጭ አድርጉበት፣ ለፎቶ ይደምቃል ብሎናል። እውነት ነው? ምን ይዘን እንሂድ?

መልስ፦ ከውሃው ልጀምር። እህቴ፣ አደራ፣ ጠብታ እንዳታፈሱበት። ድንጋዩ ሲርስ ቀለሙ ለትንሽ ደቂቃ ደመቅ ማለቱ እውነት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጨው ወደ ላይ ይወጣና ወይ ሥዕሉን በነጭ ቅርፊት ይሸፍነዋል፣ ወይ ቀለሙን ከድንጋዩ ያላቅቀዋል። በጣትም አትንኩት። የእጅ ላብና ቅባት ይቀራል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቢ ግድግዳውን አትዳብሺውም አይደል? እዚያ እንኳ ጣሪያ አለ፣ በር አለ፣ ማታ የሚቆልፍ ሰው አለ። የላስ ጌል ሥዕል ያለው ከላዩ ያጎነበሰ ቋጥኝ ብቻ ነው።

እኔ በሄድኩ ጊዜ አብሮን የነበረ አንድ ልጅ የውሃ ጠርሙሱን ሲከፍት ጥበቃው መጥቶ ክንዱን ያዘው። አልተቆጣም። ይልቅ ወስዶ አንዲት ላም አሳየን። አንገቷ ላይ እንደ ጌጥ ቀይና ነጭ መስመር ተሰምሮበታል፣ ቀንዶቿ እንደ ክራር ቋሚ ወደ ላይ ወጥተዋል፣ ጡቷ ሞልቶ ተንጠልጥሏል፣ ሥሯ ደግሞ እጆቹን ግራና ቀኝ የዘረጋ ትንሽ ሰው ቆሟል። ልብ ብዬ ሳያት ሻኛ የላትም! የእኛ አገር ላም ሻኛ አላት፣ እነዚያ ግን የላቸውም። ብዙ ቆምኩ እዚያ።

ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። ሥዕሎቹ ወደ 5,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው ይገመታል፣ ማለትም ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ከ4,000 ዓመት በላይ ቀድመው የተሣሉ ናቸው። ዛሬ ደረቅ የሆነው ያ አገር በጥንቱ ጊዜ ዝናብ ያገኝ ነበር፣ ሳር ነበረው፣ ከብት የሚያረባ ሕዝብ ነበረው። አሁን ግመል ነው የሚበዛው፤ ስሙ ራሱ ግመል የሚጠጣበት ውሃ ማለት ነው። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዓለም ቢያስተዋውቁትም የአካባቢው እረኞች ቀድሞም ያውቁት ነበር።

ጉዞው አይከብድም። ከሐርጌሳ በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን አዲስ አበባ ባለው የሶማሊላንድ ጽሕፈት ቤት ስለ ቪዛ ጠይቁ። ሐርጌሳ ስትደርሱም መጀመሪያ የጉብኝት ፈቃድ አውጡ፣ አጃቢ ጥበቃ ያስፈልጋችሁ እንደሆነም እዚያው አጣሩ። ያለ ፈቃድ ሄዶ ከበር መመለስ ያናድዳል።

ሙቀቱን የመተማን ቆላ ወርዳችሁ የምታውቁ ከሆነ አትደነግጡም። ለደጋ ሰው ግን ቀልድ አይደለም። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ባርኔጣ ወይም ነጠላ፣ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። በማለዳ ውጡ። ለፎቶም የሚሻለው የማለዳው ብርሃን ነው፣ ፍላሹን አጥፉት፣ ሥዕሉ ደብዝዞ ከወጣ በኋላ ስልካችሁ ላይ ማድመቅ ትችላላችሁ። አቧራ እንዳታስነሱም ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።

ቪዛው እምቢ ካለ ብሩን አትበትኑት። ድሬዳዋ ሂዱ። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ለጋ ኦዳ የሚባል የዋሻ ሥዕል አለ፣ እዚያም ላሞቹን ታገኟቸዋላችሁ።