ሞተር አልባዋ ሼቬል

አንድ የሎስ አንጀለስ አንባቢ የ1968 ሼቭሮሌት ሼቬል ገዝቷል። ቦዲዋ ደህና ነው። ኮፈኗ ሲከፈት ግን ባዶ ነው፤ ሞተርም ካምቢዮም የለም። ለሁለቱ 7,000 ዶላር መድቧል። ሥራውን ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንድሙ ጋር ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሊሠራው ነው። ሻጩ «ይቺ እኮ ኤስኤስ ናት፣ 454 ካልገባላት ነውር ነው» ብሎታል። ኤስኤስ የሼቬል የስፖርት ዓይነቷ ናት፤ 454 ደግሞ የትልቁ ሞተር መጠን ነው፣ በኩቢክ ኢንች። ጓደኛው ደግሞ «ኤልኤስ አስገባና ተገላገል» ይለዋል፤ አዲሱን የሼቭሮሌት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ማለቱ ነው። «ጋሼ፣ ማንን ልስማ?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሻጩን እንሸኘው። የላክልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር የምትታየው ቁጥር በ136 ትጀምራለች። በዚያ ዓመት ኤስኤስ 396 ሆና ከፋብሪካ የወጣች ሼቬል ቁጥሯ በ138 ነው የሚጀምረው። ያንተዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር ማሊቡ ናት። የኤስኤስ ምልክቱን በኋላ የለጠፈላት ሰው አለ። አትዘን። እውነተኛ ኤስኤስ ብትሆን ዋጋዋ እንዳይወርድ ስትል የድሮውን ሞተር ስታሳድድ ትከርም ነበር። አሁን ደስ ያለህን ብታስገባ የሚቆጣህ የለም። ካሊፎርኒያም ብትሆን እስከ 1975 ለተሠራ መኪና የጭስ ምርመራ አትጠይቅም።

ስለ 454 ላውራ። መስል ካር፣ ማለት የድሮ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪና፣ የሚወድ ሰው ይቺን ቁጥር ሲሰማ የሚታየው የ1970ው ኤልኤስ6 ነው፣ ባለ 450 የፈረስ ጉልበቱ። ስሙ ቢመሳሰልም ጓደኛህ ያለው ኤልኤስ አይደለም። አንተ በዚህ ብር የምታገኘው ግን ከአሮጌ ፒክአፕ የወረደውን ነው። በ1973 ሼቬል ላይ የገባው 454 እንኳ 245 ፈረስ ነው የተጻፈለት። መጭመቂያው ተቀንሶ ነበር፤ አለካኩም ተቀይሯል። ከ1972 በፊት የሚታወጀው ቁጥር ሞተሩ ራቁቱን፣ ያለ አየር ማጣሪያና ያለ ማርሚታ ተለክቶ የተገኘ ነው። ክብደቱን ደግሞ እይ። ከትንሹ የሼቭሮሌት ሞተር ከ350ው ከ100 ፓውንድ በላይ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ ብረት የሚያርፈው ፊት ጎማዎቹ ላይ ነው። 405 ፍሪዌይ ላይ ነሐሴ ውስጥ ተጠቅጥቀህ ስትቆም የሙቀት መለኪያውን እንጂ መንገዱን አታይም።

ጓደኛህ አልተሳሳተም። ከ1999 ጀምሮ በሲልቨራዶና በመሰሎቹ ፒክአፖች ላይ የገባው የኤልኤስ ዘር 5.3 ሊትር ጠንካራ ሞተር ነው። እኔም ስንቱን አስገብቻለሁ። ከመረጥከው እስከ 2006 ካለው ውሰድ። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ነዳጅ ለመቆጠብ አራቱን ሲሊንደር ያጠፋሉ፤ ለዚያ የተሠሩት ታፔቶች ደግሞ ያስቸግራሉ።

ግን ሞተሩ ዶሮዋ ነው። ወጡን የሚያስወድደው ሽንኩርቱና ቅቤው ነው። የመጀመሪያዬን 5.3 በ600 ዶላር ገዝቼ ስስቅ ነበር የመጣሁት። ሻሲው ላይ ሳወርደው የጭነት መኪናው ጥልቅ የዘይት ኮፓ ማቋረጫው ብረት ላይ ቁጭ አለ። ሞተሩ ተመልሶ ወጣ፣ ቅዳሜዬም አብሮ ሄደ። ከዚያ ሌላ ኮፓ፣ የሞተር መያዣ ማገናኛ፣ ኮምፒውተርና የሽቦ መዓት ተከተለ። ነዳጁም 58 ፒኤስአይ ግፊት ይፈልጋል። የድሮው ካርቡራተር 6 እና 7 ይበቃው ስለነበር ከታንከሩ ጀምሮ መስመሩን መቀየር ነበረብኝ። መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ለመጀመሪያ ሥራህ እኔ የምመርጥልህ 5.7 ሊትሩን ቮርቴክ ነው። ያው 350 ነው፣ ግን ከ1996 እስከ 1999 በነበሩ ፒክአፖችና ሰበርባኖች ላይ የገባው። የመኪናዋ የሞተር መያዣ ይቀበለዋል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ባለ ሮለር ስለሆነ የዛሬ ዘይት አይበላውም። የቴስታታው አተነፋፈስም ከድሮዎቹ ይሻላል። ከፋብሪካ 255 ፈረስ ነው፣ ያውም በአዲሱ ልኬት። ለቅዳሜ መኪና ይበቃል።

ጃንክያርድ ስትገባ ሞተሩ ከነበረበት መኪና መለያ ቁጥር (ቪን) 8ኛዋን ፊደል እይ፣ አር መሆን አለባት። የቫልቭ ክዳኑን ስታነሳ ቴስታታው ላይ 906 ወይም 062 የሚል መጨረሻ ታገኛለህ። የዘይት ክዳኑን ክፈትና ከሥሩ እይ። ወተት የመሰለ ነገር ካለበት ትተህ ሂድ፣ የዚህ ሞተር የማኒፎልድ ጋርኒሲዮን ውሃ ያስገባል። ቀጥለህ ስምንቱን ካንዴላ ፍታና በተራ ደርድር። ሰባቱ ጠቁረው አንዷ ብቻ የታጠበች ያህል ከነጣች እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ሲገባ ነበር ማለት ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሳለ ሞተሩን በመፍቻ በእጅህ ሁለት ዙር አዙረው። የሆነ ቦታ ላይ ቢይዝህ አትግዛው፣ ሻጩ ምንም ቢምል።

ካርቡራተር ልታስቀምጥለት ስለሆነ ለቮርቴክ የተሠራ ማኒፎልድ ያስፈልግሃል። የድሮው በ12 ቡሎን ይታሰራል፣ ይሄኛው በ8። ዲስትሪቢዩተር ስትገዛ ጥርሱ ለሮለር ካምሻፍት የሚሆን መሆኑን ጠይቅ፣ ካልሆነ ይፈጫል። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ባለ ጥርስ ሰሌዳም ከ1986 ወዲህ ላለው 350 የሚሆነው ይሁን። የቀድሞው ቀዳዳው አይገጥምም።

ለካምቢዮ ቱርቦ 350 ውሰድ። ሦስት ማርሽ ብቻ ነው፣ ሽቦም ኮምፒውተርም አያውቅም። አራት ማርሽ ያለው 700አር4 ፈታኝ ነው፣ ፍሪዌይ ላይ ሞተሩን ያሳርፋል። ግን ከካርቡራተሩ የሚወርደው ገመድ በትክክል ካልተስተካከለ ካምቢዮው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ገመዱን ማስተካከል የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ካለ እሺ።

ከብሩ ላይ 1,500 ዶላር ሳትነካ አስቀምጥ። መኪናህ አራቱም ጎማ ላይ የታምቡር ፍሬን ከሆነ የፊቱን ወደ ዲስክ ቀይር፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት። ሥሯ ገብተህም የኋላውን የዲፈረንሻል ክዳን ቡሎኖች ቁጠር። 12 ከሆኑ እሰየው። 10 ከሆኑ ግን መብራት ላይ ጎማ እያስጮህክ አትነሳ፣ ያ ዲፈረንሻል ይሰበራል። የቡሎኖቹን ቁጥር ጻፍልኝና የትኛውን ጎማ እንደምትገጥም እነግርሃለሁ።