ጥያቄና መልስ፦ በዕቅድ ኢኮኖሚ መኪና እንዴት በዛ? (መልስ ሰጪ ጋሽ ቶን)

አወያይ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። ዛሬ ጋሽ ቶን ጊዜ ሰጥተውናል። ለማታውቋቸው ሶቭየት ትራንስፖርት ኢኮኖሚክስ ተምረው መጥተው እዚሁ ጎንደር በደርግ ጊዜ ዕቅድ ክፍል የሰሩ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፣ ምክንያቱን ስታነቡ ይገባችኋል። ፖለቲካ ይቅር፣ ሁሉን መንግስት በሚያቅድበት በዕቅድ ኢኮኖሚ ስለ መኪናና ጭነት ጠይቁ።

ጋሽ ቶን፦ እሺ። መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ስንት መኪና ነበረ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ጋራዥ የቆመውም መንገድ ላይ ያለውም ሪፖርት ላይ እኩል አንድ ነው። ጎማ ነበረው ወይ፣ መለዋወጫ ነበረው ወይ፣ መንገድ ነበረው ወይ በሉኝ።

የማራኪ ልጅ፦ ጋሼ ሶቭየቶች መኪና መስራት መቼ ጀመሩ?

ጋሽ ቶን፦ ከአብዮቱ በፊት ሪጋ ላይ ትንሽ ተሰርቷል። በቁምነገር ግን በፈረንጅ 1924 ነው፣ የሞስኮው አሞ ፋብሪካ 10 የጭነት መኪና ሰርቶ ለአብዮት በዓል ቀይ አደባባይ አሰለፈ። እና ምን ነበር መሰለህ? ፊያት! የጣሊያኑ 15 ቴር ነው፣ እነሱ ስም ቀይረውለት ነው። ከዛ በ1929 ከፎርድ ጋር ተፈራረሙ፣ በ1932 ጋዝ የሚባለው የጎርኪው መኪና ፋብሪካ ስራ ጀመረና አንድ ቶን ተኩል የምትጭነዋን መኪና ማውጣት ያዘ። በ1966 እንደገና ወደ ፊያት ዞሩ፣ ላዳ ከዛ መጣች። ካማዝ በ1976 ነው የወጣው።

ደባርቄ፦ 😂😂 አሞ እኮ በኋላ ዚል የሆነው ነው፣ እና ዚልም የፊያት ዘመድ ናት በሉና

የአዘዞው፦ ዘመድ ትሁን አትሁን የሊማሊሞን አቀበት አትወጣም። አባቴ ኤንትሬ፣ የፊያቱን ከባድ መኪና፣ ነው የነዳው፣ ተሳቢ ጎትቶ ይወጣ ነበር

ደባርቄ፦ ወሬ። ሊማሊሞን በተሳቢ ማን ወጣው? ያ ጥምዝ ላይ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ እየሮጠ ነው የሚወጣው፣ ብቻዋንም ከወጣች ተመስገን ነው። ዚል ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ ጉልበት አላት

የአዘዞው፦ አንተ መቼ ተወልደህ ነው

ጋሽ ቶን፦ ሁለታችሁም ተዉት። ሊማሊሞን ጣሊያን በፈረንጅ 1930ዎቹ ሲያወጣው ለነዚህ ለሁለቱም አላሰበም። ቀጣይ።

ቃልኪዳን፦ ስለ ትራንስፖርት እድገት በአጠቃላይ ቢያብራሩልን

ጋሽ ቶን፦ በአጠቃላይ የሚባል ጥያቄ የለም። የቱ አገር? መቼ? የጭነት ነው የህዝብ?

ሰሚር፦ ጋሽ ቶን፣ በዕቅድ ሲሰራ የጭነት ስራው በምን ነበር የሚለካው? ገቢ ነው?

ጋሽ ቶን፦ ተባረክ። በቶን ኪሎሜትር። የጫንከው ቶን በሄድክበት ኪሎሜትር ይባዛል፣ በቃ። 100 ኩንታል ማለት 10 ቶን ነው፣ ደባርቅ ስትወስደው መንገዱ 100 ኪሎሜትር ግድም ስለሆነ 1000 ቶን ኪሎሜትር ይጻፍልሃል። ያንኑ 100 ኩንታል አዘዞ ብታደርሰው ከዛ ላይ አንድ አስረኛውን ብታገኝ ነው፣ ወዛደሩ ግን ያው፣ ተራ መጠበቁም ያው፣ ቆጥሮ ማስረከቡም ያው። ታዲያ አዘዞ ማን ይሄድልሃል? ሶቭየት ውስጥ በሰፊው የታየው ይሄ ነው። ጡብ አጠገብህ ካለ ፋብሪካ መውሰድ ሲቻል ከሩቅ ይመጣል፣ ድንጋይና ብረት ይወደዳል፣ ጥጥ የመሰለ ቀላል ጭነት ይጠላል። ሹፌሩ ደግሞ የጉዞ ወረቀቱ ላይ ያልሄደውን ምልልስ ያስጽፋል፣ ዕቃ ተረካቢውም ይፈርምለታል። ግን ችግር አለ፣ ያልሄደበት ነዳጅ ሰልባቲዮው ውስጥ ቁጭ ብሏል! ገዢ ከተገኘ ይሸጣል፣ ካልተገኘ ወረቀቱና ነዳጁ እንዲገጥሙ መሬት ላይ ይደፋል። ሀሜት አይደለም፣ የራሳቸው ጋዜጦች ሲጽፉበት ኖረዋል። አለቃው እያወቀ ዝም ይላል፣ ጉርሻው በዛው ቁጥር ነዋ የሚመጣው። በዛ ላይ የዘንድሮ ዕቅድ የሚወጣው አምና በሰራኸው ላይ ትንሽ ተጨምሮ ስለሆነ አብዝቶ የሰራ ሰው ራሱ ላይ ነው የሚጭነው፣ ስለዚህ ሁሉም 101 በመቶ አካባቢ ያቆማል። በተማርኩበት ጊዜ ይሄን ጉድ የሚነግረን መምህር ነበረ፣ ድምጹን ቀንሶ።

ሰሚር፦ በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ዛሬ ነው የገባኝ

የፒያሳው፦ ጋሽ ቶን በደርግ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት የጭነት መኪና ነበር?

ጋሽ ቶን፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ቤዛ፦ መለዋወጫ መለዋወጫ ይላሉ፣ ፋብሪካ ያለው አገር እንዴት መለዋወጫ ያጣል?

ጋሽ ቶን፦ ጎሽ፣ ይሄ ጥያቄ ነው። የፋብሪካው ዕቅድ በተሰራ ሙሉ መኪና ነው የሚቆጠረው። ፒስተን ለብቻው ሰርቶ ቢሸጥ ማን ያጨበጭብለታል? ስለዚህ ብረቱ ሁሉ ወደ አዲስ መኪና ይሄዳል፣ የወጣው መኪና ደግሞ ለአንዲት ዕቃ ወራት ይቆማል። መስሪያ ቤቶቹም የጋራ ስምሪቱን ስለማያምኑ እያንዳንዱ የራሱን መኪና ይይዛል፣ ግማሹን ቀን ግቢ ውስጥ ያቆመዋል፣ ጎረቤቱ ግን ጭነት ይዞ መኪና ያጣል። ለዛ ነው የመኪና ቁጥር አትጠይቁኝ የምለው።

ኑሩ፦ ላዳ ለምን እንደዛ ተወደደች እዚህ አገር?

ጋሽ ቶን፦ የቤት መኪና አላውቅም። የታክሲ ሰዎችን ጠይቅ።

የአርማጭሆው፦ በደርግ ጊዜ ለጭነት መኪና ቀጣና የሚባለው ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ? አጎቴ መኪናው በቀጣና ነበር፣ አሁንም ይረግመዋል

ጋሽ ቶን፦ የግል ባለንብረቱ በማህበር ተደራጅቶ በቀጣና ይመደባል፣ ጭነት በተራ ይደርሰዋል፣ ታሪፉን መንግስት ይቆርጣል። ድርድር የለም፣ ቅድሚያው ለመንግስት ዕቃ ነው። ደላላ አለመኖሩ ጥሩ ነው። ግን ዕቃ አራግፈህ ስትመለስ ሌላው ቀጣና ላይ ተራ የለህም፣ ባዶህን ነው የምትመጣው፣ ናፍታው ደግሞ ያንተ ነው።

ሹፌር ነኝ፦ ከዛሬ ደላላ ያ ይሻላል። መተማ መስመር አሁን ደላላው ጭነቱን ሳያየው ከኪራዩ ቆርጦ ይወስዳል

የአርማጭሆው፦ ቢያንስ አንተ አልጭንም ማለት ትችላለህ። አጎቴ አልጭንም ቢል መኪናው ይታገድበት ነበር

ሹፌር ነኝ፦ አልጭንም ብዬ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው

አወያይ፦ ወንድሞች ደላላው ሌላ ቀን

የማራኪ ልጅ፦ ሶቭየት ይሄን ሁሉ ጉድ ይዛ እንዴት ተንቀሳቀሰች ታዲያ

ጋሽ ቶን፦ በባቡር! የረጅም መንገድ ጭነቱን ባቡር ነው የተሸከመው፣ መኪናው በአብዛኛው ከጣቢያ መጋዘን የሚያመላልስ ነው። ችግሩ እኛ ነን፣ ደንቡን ስንቀዳ ባቡሩ ጎንደር አይደርስም። ጎንደር እህሉም ስኳሩም ሲሚንቶውም የሚመጣው በመኪና ብቻ ነው፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎሜትር በላይ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። በሰሜን በኩል ያለው የሊማሊሞ መስመር በጦርነቱ አንዴ በኮንቮይ አንዴ ዝግ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1981 ሰራዊቱ ትግራይን ለቆ ሲወጣ ደግሞ ጭራሽ ተቆረጠ። ዕቅዱ ግን ይመጣል። መንገድ ተዘግቷል የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ተመራቂዋ፦ ጋሽ ቶን እኔ መመረቂያ ጽሁፌ በዚህ ላይ ነው፣ ከዓመታዊ ሪፖርቶቹ ውጪ ምን ልይ?

ጋሽ ቶን፦ ሪፖርቱን አስቀምጪው ልጄ። የሚገኝ ከሆነ የስምሪት መዝገቡንና የጎማ ወጪ መዝገቡን ፈልጊ። ነዳጅ ይደፋል፣ ጎማ ግን ካልተኬደበት አያልቅም። ሄድን ያሉትን ኪሎሜትር ለወጣው ጎማ ብታካፍዪው ውሸቱን ታገኚዋለሽ።

ሹፌር ነኝ፦ ጋሼ ጎማም ይሸጣል እኮ 😂

ጋሽ ቶን፦ አውቃለሁ፣ አንተ ትነግረኛለህ? ለዛ ነው ሶስተኛ የጋራዥ መዝገቡን የምትጨምርበት። ሞተር የተፈታበትን ቀንና የጉዞ ወረቀቱን ቀን ጎን ለጎን ታድርጋቸው፣ ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ መኪናው ጭነት ያደረሰበት ቀን አይጠፋም።