የአንባቢያን ጥያቄ፦ ባዮዲዝሉ ለምን እርጎ መሰለ?

ጥያቄ፦ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሠራ የናፍጣ ምትክ) ልሠራ ብዬ፣ ድንችና ሳምቡሳ ከጠበስንበት የፓልም ዘይት 10 ሊትር ወስጄ፣ 35 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ2 ሊትር ሜታኖል አሟሙቼ ጨመርኩበትና 60 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አማሰልኩት። ግሊሰሪኑ (ከዘይቱ ተለይቶ ታች የሚተኛው ወፍራም ተረፈ ምርት) በቅጡ አልወረደም፤ በውሃ ሳጥበው ደግሞ እርጎ መሰለ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ 35 ግራሙ ላይ። በሊትር 3.5 ግራም የሚበቃው ምንም ላልተጠበሰበት ዘይት ነው። ደጋግሞ የተጠበሰበት ነፃ አሲድ ያጠራቅማል፤ አሲዱ ሶዳውን ቀድሞ ይሻማና ሳሙና ይሆናል። የተረፈው ሶዳ ዘይቱን በሙሉ አይለውጠውም። ሳሙናውና በከፊል ብቻ የተለወጠው ዘይት ውሃውን አልለቅ ይላሉ፤ እርጎው እሱ ነው። ከድንቹ የወጣው ውሃም አግዟል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን አጥልለው፣ መንጣጣቱ እስኪያቆም እስከ 110 ዲግሪ ያሙቁትና ያብርዱት።

ቀጥሎ ልኬቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የባትሪ ውሃ ያሟሙ (አሲዱን ሳይሆን ውሃውን!)። በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ዘይትና ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ሶዳው ሲተርፍ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ይጨምሩ። የሶዳውን ውሃ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ ያድርጉበት፤ ሮዝ ቀለሙ 15 ሰከንድ ሲቆይ ያቁሙ። 2.5 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፣ 3.5 ሲደመር 2.5፣ በሊትር 6 ግራም ማለት ነው፤ ለ10 ሊትርዎ 60። የፈጀው ከ5 ሚሊ ሊትር ካለፈ ያ ዘይት ለሳሙና ይሻላል። ሶዳው ጓጉሎ ካገኙት እርጥበት ጠጥቷልና በሚዛኑ አይመኑ።

ሌላው 60 ዲግሪው ነው። ሜታኖል በባሕር ጠለል ላይ 65 ገደማ ላይ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 58 እንኳ አይሞላም። ከለኩት ሜታኖል ከፊሉ ተንኗል ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ደግሞ መርዝ ነው። 50 ላይ ይሥሩ፣ ደጅ ላይ፣ ከከሰልና ከቡታጋዝ ርቀው፤ የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። የወጥ ቤቱን የአሉሚኒየም ድስት አይጠቀሙ፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ሃይድሮጅንም ያወጣል። የማይዝግ ብረት ይሁን።

እርጎውን አይድፉት። ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ጨምረው ያሳድሩት፤ ዘይቱ ወደ ላይ ሲለይ ቀድተው ያድርቁትና እንደገና ይሥሩት። መጨረሻ ላይ ከባዮዲዝሉ 3 ሚሊ ሊትር ወስደው በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ይፈትኑ፤ ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። ታች የዘይት ጠብታ ከተኛ ገና አላለቀም። ለጄኔሬተር ከናፍጣ ጋር 20 በመቶ ይበቃል። የፓልም ባዮዲዝል ብርድ አይወድም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በጠርሙስ በረንዳ ላይ አሳድረው ንጋት ላይ ቢያዩት ደፍርሶ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የሄምፕ ዘይት ምርጥ ባዮዲዝል ይሰጣል ይባላል። እውነት ነው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ግማሹ። አሠራሩ ያው ነው፣ በደንብ ይለወጣል፣ በብርድም ቶሎ አይረጋም። ችግሩ የአዮዲን ቁጥሩ ነው (ዘይቱ ከአየር ጋር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዋሃድ የሚጠቁም ልኬት)፤ ከ145 እስከ 165 ይደርሳል፣ የአውሮፓው ኢኤን 14214 ደረጃ ደግሞ ከ120 በላይ አይፈቅድም። የሊኖሌኒክ አሲዱም ከተፈቀደው 12 በመቶ ያልፋል። እንዲህ ያለ ነዳጅ ሲቀመጥ ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫ ይሆንና ማጣሪያ ይደፍናል፤ ተልባ ከዚህም ይብሳል። ጉሎ በተቃራኒው የአዮዲን ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ባዮዲዝሉ ወፍራም ስለሆነ ብቻውን ደረጃውን አያሟላም። ለማንኛውም ሄምፕ ካናቢስ ነው፤ እዚህ አገር ማብቀሉ በወንጀል ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሜታኖል ባጣ በ95 በመቶ ኤታኖል ልተካው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አይሆንም። 5 በመቶው ውሃ ነው፤ የፒያሳው አንባቢ እርጎ እርስዎም ቤት ይመጣል።