የራስን ምት ስለማግኘት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጃዝ ድራም ትመታለህ፣ ከዩቲዩብ እየሰማህ ትቀዳለህ፣ ሰው ግን «ይሄ የእገሌ አመታት ነው» ይልሃል። የራሴ ስታይል ከየት ይመጣል ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ጎንደር በሆቴልና በሠርግ ባንድ ስመታ ነው የኖርኩት። ያየሁትን ልንገርህ።

መቅዳቱን አትተው። ታዋቂው ጃዝ ድራመር ቶኒ ዊሊያምስ ቦስተን ውስጥ ልጅ ሳለ ልክ እንደ ቀደምቶቹ ድራመሮች እንደ ማክስ ሮችና እንደ አርት ብሌኪ ለመምታት ነበር የሚለፋው። በ1963 እ.ኤ.አ. የትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ባንድ ውስጥ ሲገባ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንንም አይመስልም። ጉዳቱ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ መልቀም ነው። አንድ ሰው ምረጥ፣ አንድ ሙዚቃ ያዝ። ስቲክ ከማንሳትህ በፊት ምቱን በአፍህ በለው።

ከዚያ ራይዱ ላይ፣ ማለትም በስቲክ በሚመታው ትልቁ ሲምባል ላይ ቆይ። ድራመሩ ኬኒ ክላርክ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጊዜ መጠበቁን ከቤዝ ድራም ወደ ራይድ ካዛወረው ወዲህ፣ ጃዝ ድራመር የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ሁሉም ለሶሎ ይጨነቃል፤ ራይዱን የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። ዕቃም አያስጨንቅህ።

ችክችካን ጃዝ ላይ መለጠፍ ስታይል አይሆንም። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ችክችካ ስድስት ምት ነው፤ ለሁለትም ለሦስትም ይከፈላል። በስድስቱ ውስጥ ቤዝ ድራሙን ሁለቴ፣ ሃይሃቱን (በእግር የሚጋጨውን ጥንድ ሲምባል) ሦስቴ ርገጥ፣ ራይዱን በላዩ ልቀቀው። በጣም ቀስ ብለህ። ይህ እግርህ ውስጥ ሲገባ ድራመሩን ኤልቪን ጆንስን ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጆን ኮልትሬን ጋር ስማው። ያ በሦስት በሦስት የሚንከባለል ምት እንግዳ አይሆንብህም። ለእኔ ጃዝ የገባኝ በዚህ በኩል ነው።

ማሕሌትም አለልህ። ጎንደር ያለችው በአታ ቤተ ክርስቲያን እኮ የአቋቋም፣ የዜማው ከከበሮና ከመቋሚያ ጋር ያለው ሥርዓት፣ ማስመስከሪያ ናት! ዜማውን መድረክ ላይ አውጣ አላልኩህም፤ እሱ በክብሩ ይቆይ። ዝግ ባለው መረግድ ላይ ከበሮው እንዴት እንደሚታገሥ፣ ፈጠን ወዳለው ጽፋት ሲሻገር እንዴት እንደሚፈጥን ግን ቆመህ አድምጥ። በሁለት ምት መካከል ያለውን ዝምታ እንደዚያ የሚያከብር ድራመር ብዙ አላጋጠመኝም።

አሜሪካ በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አዋህዶ መንገዱን ጠርጎልናል። በድራሙ በኩል ግን ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀናል ባይ ነኝ።

አሁን አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ፈልግ። በስቲክ ፈንታ ብሩሽ (ለስለስ ያለ የሽቦ መምቻ) ይዘህ አጅበው። አዝማሪ ስንኙን እንደ ስሜቱ ይለጥጠዋል፤ እየቆጠርክ ከተከተልከው ጥሎህ ይሄዳል። ቃሉን ስማ፣ ስንኙ ሲያርፍ መልስለት። ጥቂት ወራት እንዲህ ከሠራህ በኋላ፣ መጀመሪያ የቀዳኸውን ያንን ሙዚቃ እንደገና ምታና በስልክህ ቅረጸው። ከድሮው ጋር አስተያየው። ሳታስበው የተለወጠ ቦታ ታገኛለህ። ከዚያ ቦታ ጀምረህ ሥራ።