በ2003ቱ ኤክሴል የማኅበር ሒሳብ ይያዛል ወይ ላልከው

ከሐይቅ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ አብሽር። የቁጠባና ብድር ማኅበራችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኤክሴል 2003 የ400 አባላትን ሒሳብ ይችል እንደሆነ ነው የጠየቅኸው። ይችላል። እኔም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ስሠራ ለዓመታት የያዝኩት በሱው ነው። መደመሩም፣ መደርደሩም፣ ማጣራቱም፣ ዝርዝሩን በየዓይነቱ ደምሮ የሚያሳየው ፒቮት ቴብሉም አለው።

የሚያጥርህ ቦታ ነው። አንድ ሺት (የኤክሴል አንድ ገጽ) የሚይዘው 65,536 ረድፍና 256 አምድ ብቻ ነው። ረድፉ ይበቃችኋል። 400 አባል በየወሩ ቢቆጥብ በዓመት 4,800 ረድፍ ነው፤ ከ13 ዓመት በላይ ያስኬዳል። ቀኖቹን ወደ ጎን ከደረደርክ ግን ዓመቱ ሳያልቅ አምዱ ያልቃል። እያንዳንዱን ገቢ ወደ ታች በየረድፉ መዝግብ።

እኔን የጎዳኝ ረድፉ ነው። ከሌላ ሲስተም የወጣ፣ ከ80 ሺህ መስመር በላይ ያለው የሽያጭ ዝርዝር ተላከልኝ። ስከፍተው ፋይሉ ሙሉ በሙሉ አልገባም የሚል መልእክት መጣ። ሳላነብ ኦኬ አልኩና እላዩ ላይ ሴቭ አደረግኩት። የቀረው ጠፋ። ድምሩ ከደረሰኙ አልገጥም ብሎ ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም። ያ መልእክት ከመጣብህ ሴቭ እንዳታደርግ፣ አደራ።

ቀን ላይም ተጠንቀቅ። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብለህ ብትጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ኮምፒውተርህ ወርን ከቀን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ፣ ጳጉሜን 5ን 5/13/2015 ስትለው ሜይ 13 ያደርገዋል። በቀን ልደርድር ስትል ሁሉም ይተራመሳል። እኔ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት አምድ ለያይቼ ነው የምጽፈው። የስልክ አምዱንም አስቀድመህ ቴክስት (ጽሑፍ) አድርገው፤ አለዚያ የ09 ዜሮዋ ትጠፋለች።

ከደሴ በአዲስ ኤክሴል ተሠርቶ የሚላክልህ ፋይል ካለ፣ ያንተው እንዲከፍተው በ97-2003 ዓይነት ሴቭ አድርገው ይላኩልህ። እንዲያም ሆኖ ሰምኢፍስ (SUMIFS፣ ከአንድ በላይ መስፈርት አይቶ የሚደምረው) ያለበት ፎርሙላ አይሠራልህም፤ እሱ የመጣው በ2007ቱ ነው። አንድ አባል በአንድ ወር ያስገባውን ለማወቅ የአባሉን ቁጥርና ወሩን በአንድ አምድ አገጣጥምና በሰምኢፍ (SUMIF፣ በአንድ መስፈርት ብቻ የሚደምረው) ደምር። ስታገጣጥም መሃሉ ላይ አንድ ፊደል አስገባ። ያለ ፊደል የአባል 1 ወር 12 እና የአባል 11 ወር 2 ሁለቱም 112 ይሆኑና ገንዘባቸው ይቀላቀላል።