በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉ ረግረጎችና ወፎቻቸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከቡራዩ የጻፉልን አንባቢ ወፍ መመልከት ለመጀመር የት፣ መቼና በምን መሣሪያ እንደሚሻል ጠይቀዋል።

ለእርስዎ የሚቀርበው የገፈርሳ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ይሁንና የከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚገኝበት በመሆኑ ወደ ዳርቻው ከመውረድዎ በፊት ጥበቃዎቹን ያስፈቅዱ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት በማለዳ ቢሄዱ፣ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችን ከአገሬው ወፎች ጋር ተቀላቅለው ያገኟቸዋል። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ባይናኩላር ይበቃዎታል፤ ከዚያ የበለጠው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ለጀማሪ አልመክረውም። አስቀድመው የሚፈልጉት ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ይሁን። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ አገር የለውም፤ ሲራመድ እንኳ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ጀርባው ላይ ስለሚያሳርፍ ከሩቅ ይታወቃል።

የሱሉልታ ጠያቂያችን ደግሞ የድርቆሽ ሜዳ አላቸው፤ ወፎች እንዲበዙ ከብቱን ጨርሰው ማስወጣት ይኖርባቸው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

አይኖርብዎትም። ቁም ነገሩ ከብቱ የሚገባበት ወቅት ነው። በክረምት ሜዳው ውሃ ሲቋጥርና ሣሩ ሲያድግ፣ ጎጆአቸውን በእንግጫውና በሣሩ ሥር የሚሠሩ ወፎች ይፈለፍላሉ፤ በዚያን ጊዜ የገባ መንጋ እንቁላሉንም ጫጩቱንም ይረግጣል። ከሆለታ ማዶ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ የሚገኘው የበርጋ ረግረግ ለዚህ አብነት ይሆናል። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የተባለው ወፍ በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ስለሚራባ፣ ነዋሪዎቹ እርባታው እስኪያልቅ ግጦሹን ለማዘግየት ተስማምተው ይሠራሉ። እርስዎም ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳውን ቢከልሉና ድርቆሹን ከዚያ በኋላ ቢያጭዱ ሣሩም ወፉም ይተርፍልዎታል። አጨዳውን ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ቢያወጡት በሣሩ ውስጥ የተሸሸጉት መውጫ ያገኛሉ፤ በጅረቱ ዳር ጥቂት ሳይታጨድ ቢቀር ደግሞ ሩዤ ሬይል የተባለችው፣ ጭራዋን እየሰበቀች ነጩን ሥሩን የምታሳየው ወፍ መጠለያ አታጣም። በበጋ ከብቱ ይግባ፤ አጭር ሣር ላይ ምግቡን የሚለቅም ወፍ ብዙ ነው፣ ጨርሶ ያልተጋጠ ሜዳ ግን በደረቀ ሣር ይታፈናል። እኔን ከከብቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውሃውን ለማጠንፈፍ የሚቆፈረው ቦይ ነው፤ ያንን አንድ ጊዜ ከቆፈሩት በኋላ የግጦሽ ወቅት ማስተካከል ብዙ አይረዳም።

በአቃቂ በኩል የሚኖሩ አንባቢ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ስለተንሰራፋው እምቦጭ ሲጽፉ፣ ወፎች ሲራመዱበት ስላዩ ማስወገዱ ይጎዳቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

ጥቂቶች ቢራመዱበትም ለዳክዬ ገላጣ ውሃ ያስፈልጋል፤ ጥቅጥቅ ያለ እምቦጭ ብርሃንና አየር ከልክሎ ከሥሩ ያለውን ሕይወት ስለሚያፍን ማስወገዱ ተገቢ ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ ሳያብብ ይነቀል፣ ተመልሶ እንዳይገባም ከውሃው ርቆ ይከመር። የአገሩን ፊላና ቄጠማ ግን አብረው አይንቀሉ። እምቦጩን የሚመግበው በአቃቂ ወንዝ የሚወርደው የከተማው ፍሳሽ ስለሆነ ነቀላው ብቻውን አይጨርሰውም፤ ይህን ለዘመቻ አስተባባሪዎች ደጋግሜ ብናገርም ፎቶግራፍ የሚነሡት ሁልጊዜ በነቀላው ነው።

በረግረግ ዳር ባሕር ዛፍ ስለመትከል ለጠየቁን፦ አይትከሉ፣ ውሃውን ይመጠዋል። የወፍ ድምፅ በስልክ እያሰሙ መጥራትም ቢሆን በመራቢያ ወራት ፈጽሞ አይደረግ፤ ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይወጣል።