የባሕር ዳርቻ መንገድ ሜዳ ነው ያለሽ ማን ነው?

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ድንኳንሽን ጭነሽ ብቻሽን በባሕር ዳርቻ የዐሥር ቀን የብስክሌት ጉዞ ልትጀምሪ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ በቀን 120 ኪሎ ሜትር ለመንዳት አቅደሻል፤ አንዱ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚመስል የሚነግርሽ ሰው ትፈልጊያለሽ። እኔ እንዲህ ያለ ጉዞ አራት ጊዜ አድርጌአለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ያቀድኩት እንዳንቺው 120 ነበር። የዚያን ጉዞ አራተኛ ቀን ልተርክልሽ፤ ቁጥሩን አንቺው ታስተካክዪዋለሽ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ነቃሁ። ድንኳኑ በጤዛ ርሶ ነበርና እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ጨምቄ አጠፍኩት። 12 ሰዓት ሲሆን መንገድ ላይ ነበርኩ። በዚያ ሰዓት ነፋስ የለም፤ ካለም ከየብስ ወደ ባሕር የሚሄድ ቀዝቃዛ እስትንፋስ ነው። የጎማውን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ በሰዓት 21 እና 22 ኪሎ ሜትር እነዳ ነበር። 3 ሰዓት ላይ 58 ኪሎ ሜትር አልፌአለሁ። የቀረውን እስከ ቀትር እጨርሰዋለሁ ብዬ በልቤ ፎከርኩ።

ከዚያ ኮረብታው መጣ። የባሕር ዳርቻ በካርታ ላይ ሲታይ ሰማያዊውን ተከትሎ የሚሄድ የተዝናና መስመር ይመስላል። ነገር ግን ድንጋያማው ምድር ወደ ባሕሩ ገብቶ በገደል በሚያበቃበት ቦታ ሁሉ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። እያንዳንዱ ኮረብታ መቶ ሃምሳ ሜትር ብቻ ቢወጣ እንኳ፣ በቀን ሰባቱን ብትወጪ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጣሽ ማለት ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይገላገላል። የወንዙ አፍም ሌላ ጣጣ አለው። ማዶው በዓይን ይታያል፣ የአጥሩን እንጨት መቁጠር ይቻላል፤ ድልድዩ ግን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ያን ማዶ ለመድረስ 18 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ ካርታሽን ከፍተሽ ከባሕሩ አጠገብ ያሉትን ድልድዮች አንድ በአንድ ፈልጊ።

5 ሰዓት ገደማ ነፋሱ ተነሣ። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ፀሐይ የብሱን ከውኃው ፈጥና ታሞቀዋለች፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲነሣ የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ረፋዱ ላይ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ሲመሽ ይደክማል። በዋናነት ከጎን የሚመጣ ቢሆንም መንገዱ ወደ ባሕሩ በታጠፈ ቁጥር ፊትሽን ይመታሻል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳሽ 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊትሽ ቢመጣ፣ ፍጥነትሽን ላለመቀነስ አየሩን ለመግፋት የምታወጪው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አራት እጥፍ የሚያወጣ ሰው ስለሌለ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ የእኔ ወደ 11 ወረደ። የጎን ነፋሱን ደግሞ አትናቂው። በጎን የተሰቀሉት ሻንጣዎች እንደ ሸራ ይይዙታል። ትልቅ መኪና በአጠገብሽ ሲያልፍ ነፋሱን ለአፍታ ይጋርደዋል፤ ነፋሱን ተደግፈሽ እየነዳሽ ከነበረ ወደ መኪናው ታዘነብያለሽ፤ እንዳለፈ ነፋሱ መልሶ ወደ መንገዱ ዳር ይገፋሻል። መኪናው ሲመጣ ድምፁን ስትሰሚ መሪውን በሁለት እጅ ያዢ፣ ትከሻሽን ግን አታደንድኚ።

በዚያው ነፋስ መሐል የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ቸኩዬ የውስጡን ጎማ ለውጬ ሄድኩ። ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ተነፈሰ። በዚህ ጊዜ ተቀምጬ የውጭውን ጎማ ገልብጬ ውስጡን በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ዳሰስኩት፤ አንድ ቦታ ላይ ጣቴን ወጋኝ። ከፈነዱ የመኪና ጎማዎች የሚረግፍ፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የብረት ሽቦ ነበር። ከውጭ ፈጽሞ አይታይም። በጥፍር መቁረጫ ነቀልኩት፤ ከሻንጣዬ ዕቃ ሁሉ በዚያ ቀን የወደድኩት እሱን ነው። መንስኤውን ሳታገኚ አዲስ የውስጥ ጎማ አታስገቢ። ጭነቱ በአብዛኛው ከኋላ ስለሚያርፍ የምትታገዪውም በአብዛኛው ከኋላው ጎማ ጋር ነው።

ብቸኝነት ያስፈራል ወይ ላልሽው፦ 9 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ተቀምጬ ጉዞውን ለማቋረጥ ወሰንኩ። ሰው የለም፣ ነፋሱ አያቆምም፣ እዚህ ምን እሠራለሁ አልኩ፤ ዕንባዬም መጣ። ከዚያ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ምንም አለመቅመሴ ትዝ አለኝ። በልቼ ሃያ ደቂቃ ቆየሁና ተነሥቼ ነዳሁ። በመንገድ ላይ የሚመጣ ሐዘን ሁሉ ረኃብ ነው አልልም፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ግን በአመዛኙ ነው። በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጥሽን ነገር ሳይርብሽ ብዪ፤ ውኃም እንዲሁ። ነፋሱ ላብሽን ስለሚያደርቅልሽ መጠማትሽን፣ ቆዳሽን ስለሚያቀዘቅዝልሽ ደግሞ ፀሐይ እያቃጠለችሽ መሆኑን አታውቂም። በባሕሩ በኩል ያለው ጆሮዬ ለሳምንት ያህል ተልጧል።

በዚያ ቀን 83 ኪሎ ሜትር ላይ አቆምኩ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሰንሰለቱን በጨርቅ ጥረጊና ዘይት ቀቢው፤ የባሕር አየር ጨው ይዞ ስለሚመጣ በአንድ ሌሊት ዝገት ሊጀምረው ይችላል። አሸዋ ከነካው መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው፤ ውኃ በኃይል የሚረጭ መሣሪያ ግን ወደ ጎማው እምብርት አታስጠጊ፣ ግራሶውን ያስወጣዋል። የመቀመጫውን ዘንግና የፔዳሎቹን የመጠምዘዣ ጥርስ ከመነሣትሽ በፊት ግራሶ ቀቢያቸው፤ አሉሚኒየምና ብረት በጨው መሐል ሲገናኙ ተጣብቀው ይቀራሉ።

በአሸዋው ላይ ስለመንዳት የጠየቅሽው ይቅርብሽ። ካላስቻለሽ ግን ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት ብቻ ይሁን፤ ያም ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚዘገይ የትናንቱን ይዘሽ ዛሬ በገደሉ ሥር እንዳትገቢ።

የእኔ ምክር በቀን 75 ነው፤ ከዚያም ሁለት ሦስተኛውን ከ5 ሰዓት በፊት። በአምስተኛው ቀን ዕረፊ። የት እንደምታድሪ በየማታው ለአንድ ሰው ላኪለት፤ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወልሽ ሊጨነቅ እንደሚገባውም ተስማሙ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም፦ ከየት ወደ የት ነው የምትነጂው? በአሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ብዙዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚነዱት በበጋ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ነው፤ በቀኝ ስለሚነዳም በባሕሩ በኩል ይሆናሉ። አቅጣጫሽንና ወሩን ጻፊልኝ፤ ምናልባት ጉዞውን ከመጨረሻው መጀመር ይሻልሽ ይሆናል።